ለሚሞት ሰው የተሰጠ ቃል

«ጋን ልታጥቢ ነው?» አለች ሀብትነሽ።

እማዋይሽ ከጓሮው የግራዋ ቁጥቋጦ አጠገብ ቆማ ቅጠል ትለቅም ነበር። ጎህ ገና መቅደዱ ነው። ጭቃ ውስጥ ተነክሮ የደረቀው ነጠላዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ ፀጉሯን ከትናንት ወዲያ ከሥሩ ቆርጠውታል። መዳፏ ላይ ሰባት ቅጠል አለ። ለምን ሰባት እንደሆነ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ ሁልጊዜ ሰባት ነው።

«ጋን አይደለም» አለች። ከዚያ እጇን አየችው። «ለሱ ነው።»

ሀብትነሽ የቅርብ ጎረቤቷ ናት፤ አብረው ነው ያረጁት። ቅጠሉን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች፤ እማዋይሽ ግን አልሰጠቻትም፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

ባሏ ባሻ ገደፋው ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው በባዶ ሆዱ አንድ ዋንጫ የግራዋ ጭማቂ ይጠጣ ነበር። እሷ ትቀጠቅጣለች፣ ትጨምቃለች፣ ታጠልላለች፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይጨልጣል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ከዚያ «ዛሬም አለን» ይልና ዋንጫውን መደቡ ጫፍ ላይ ይደፋዋል። ዛሬ ማለዳ እጇና እግሯ መርዶውን ገና አልሰሙም ነበር።

ከቤቱ በስተጀርባ ካለው ጫካ ጉሬዛዎቹ ማጓራት ጀመሩ። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። አገሬው ጫካውን ጨለማው ይለዋል፤ ዝግባውና ዋንዛው ጥቅጥቅ ብሎ ፀሐይ ስለማያስገባ ነው። ቀድሞ ከቡሬ እስከ ፈጣም ወንዝ ድረስ ጉሬዛ የሌለበት ጫካ አልነበረም። አሁን ግን ጫካውም ጉሬዛውም አልቆ የቀረው እዚህ ያለው ብቻ ነው።

«ጠባቂያቸው ሞቶ እንኳ ዝም አይሉም» አለች ሀብትነሽ። ልታስቃት ፈልጋ ነበር። እማዋይሽ አልሳቀችም፤ አልተቀየመችም ግን።

አርብ ስለሆነ ለሠልስቱ የመጣው ንፍሮ የባቄላና የስንዴ ነበር። ሰው ከቤት አልፎ እስከ አጥሩ ሞልቷል። ሴቶቹ ከውስጥ ገለባ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፍኖተ ሰላም የመጣችው ልጇም ከመሐላቸው ናት፤ ወንዶቹ በደጅ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳውን ተደግፈዋል። እንግዳው ይገባል፣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፣ ንፍሮውን ይዘግናል፣ ጥቂት ቆይቶ ስለ ጤፉ አዝመራ ያወራል። እማዋይሽ በዚህ አልከፋትም፤ እሷም በሰው ለቅሶ ላይ ስለ ሽንብራ ስታወራ ውላ ታውቃለች። ገደፋው ይቀመጥበት የነበረው መደብ ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም። የጉሬዛ ቆዳ ምንጣፉ እንደተዘረጋ ነው፤ ጥቁርና ነጩ ፀጉር ከመቀመጥ ብዛት መሐሉ ላይ ሳስቷል።

ቀትር ላይ ከጀርባዋ ሹክሹክታ ሰማች። ከማዶ መንደር የመጡ ሁለት ሴቶች ናቸው።

«ግዝቱስ እንግዲህ?»

«አበቃለታ። አፈር እስኪገባ አይደል የተባለው? ገባ።»

«ተዝካሩን እንኳ አይጠብቁም?»

«ይጠብቃሉ እንጂ። ለተዝካሩ ዳስ እንጨት መቁረጣቸው ግን የት ይቀራል? በዚያው ይጀምሩታል።»

እማዋይሽ ዞራ አላየቻቸውም። መቀነቷ ውስጥ ያለውን ቅጠል በጣቷ ነካችው።

ያንን ግዝት የማያውቅ በአካባቢው የለም፤ ሲያወሩትም ሳይስቁ አይጨርሱትም። በሠላሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ጨለማው ርስቱ የሆነው ዘመድ ሁሉ ጫካውን ተከፋፍሎ መንጥሮ ሊያርሰው ቆርጦ ነበር። በዚያው ሰሞን ገደፋው የወፍ በሽታ ያዘው። ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ፤ ሆዱ ተነፋ። ዘመዱ ለክፍፍሉ በተሰበሰበ ቀን እሱንም በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት፤ ድርሻውን ይናዘዝ ይሆናል ብለው ነው። እሱ ግን ከቃሬዛው ሳይነሣ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ አንድ ነገር ለመናቸው።

«እኔ አፈር እስክገባ ተዉት። ዛፉም አይቆረጥ፣ አውሬውም አይገደል። ከዚያ ወዲያ እንደወደዳችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሰውየው ቢበዛ አንድ ወር ይቆይ ይሆናል። ለሚሞት ሰው ደግሞ ማን እምቢ ይላል? ሊያቆርቡት የመጡት ወጣቱ ቄስ ገብረሰንበት መስቀላቸውን አወጡና «ገደፋው አፈር እስኪገባ ድረስ ጨለማው ውስጥ መጥረቢያ ያነሣ፣ ጥይት የተኮሰ፣ የተወገዘ ይሁን» አሉ። ሁሉም አሜን አለ። ያለቀሰም ነበር።

ከዚያ ገደፋው ዳነ።

በመጀመሪያው ዓመት ዘመዱ ደስ አለው። በሦስተኛው ዓመት ሲያገኙት እየሳቁ «ዛሬስ እንዴት አደርህ?» ይሉት ጀመር። በአሥረኛው ዓመት ሳቁ እየቀጠነ ሄደ፤ ጥያቄው ግን አልቀረም። እሱም መልሱ አንድ ነበር፤ «ይመስገነው፣ ገና ነኝ።» ግዝት ግዝት ነውና ማንም መጥረቢያ አላነሣም።

ገደፋው ነፍሱን መጠበቅ የጀመረው ያኔ ነው። ከአዊ አገር የመጣች መድኃኒት አዋቂ ግራዋ አዘዘችለት፤ አንድ ማለዳ አላቋረጠም። አረቄ ተወ። በቅሎ ላይ አይወጣም፣ መብረቅ ባለበት ቀን ከቤት አይወጣም፣ ዱላ የተነሣበት ሸንጎ አይቆምም። ቀድሞ ገደል ለገደል በገመድ እየወረደ የሚያድን ሰው አሁን የጎርፍ ቦይ እንኳ በዱላ ሳይመትር አይሻገርም ነበር። ፈሪ አሉት። በዚያ አገር ለወንድ ልጅ ከዚህ የከፋ ስም የለም፤ እሱ እንዳልሰማ ያልፋል። እማዋይሽ ግን ትሰማ ነበር።

ለቀስተኛው ሲበተን መደቡ ሥር ተቀምጣ ምንጣፉን አየችው። ሲያገባት የሰጣት ነው። ከየሸለቆው የገደላቸውን ጉሬዛዎች ቆዳ ለቡሬ ቆዳ ሰፊ ሰጥቶ ያሰፋው ነው፤ ያን ጊዜ የጉሬዛ ምንጣፍ ያለው ቤት የጨዋ ቤት ይባል ነበር። አንዱ ማዕዘን ግን ጎዶሎ ነው። አንድ ቆዳ አንሶት ነበር፣ «እሞላልሻለሁ» እያላት ስንት ዓመት አለፈ። ከጣሊያን የቀረው ጠመንጃ በየቤቱ ገብቶ የሚያድነው ሰው ስለበዛ ጉሬዛ ማግኘት እየቸገረ ሄደ።

ከመታመሙ አንድ ዓመት በፊት፣ አንድ ማለዳ ምንሽሩን ይዞ ወጣ፤ ማዕዘኑን ሊሞላላት ነው። ማታ ባዶ እጁን ተመለሰና ጠመንጃውን ሰቀለው።

«ዘጠኝ ናቸው» አላት።

«ምኖቹ?»

«የቀሩት።»

ከዚያ በኋላ አልተኮሰም። ምክንያቱን ሲጠይቁት ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ አልነበረውም። ለቄሱ «ቅጠል እየበሉ የሚኖሩ ጿሚዎች ናቸው» ይላል፤ ለዘመዱ «ጫካው ሲሄድ ምንጩ ይደርቃል» ይላል፤ ለሷ «ሰለቸኝ» ብሏት አልፏል። አንድ ቀን ብቻ፣ እራት እየበሉ፣ ሳትጠይቀው ተናገረ። «ሲወለዱ እኮ ነጭ ናቸው። ድፍን ነጭ። ጥቁሩ በኋላ ነው የሚመጣ። ያን ሁሉ ገድዬ ይኸን አላውቅም ነበር።» ከዚያ እጁን ታጥቦ ተነሣ። እማዋይሽ ያን ጊዜ ነገሬ አላለችውም።

በሰባተኛው ቀን ዳኘው ከአጠገቧ መጥቶ ተንበረከከ። የገደፋው ታናሽ ወንድም ነው፤ ሃምሳን ተሻግሯል። አራት ወንዶች ልጆች አሉት፤ ሁለቱ ሚስት አግብተው እስካሁን የሚያርሱት መሬት የላቸውም። ወንድሙን ይወደው ነበር፤ በቀብሩ ቀን ራሱን ከመሬት ሲጥል ሦስት ሰው ነው የያዘው።

«እትየ፣ ስለ ዳሱ ነበር» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ሰው ብዙ ነው የሚመጣ። ከገበዝ ማርያም ሳይቀር ይመጣል። ሰፊ ዳስ መጣል አለበት። ለቋሚውም፣ ለማገሩም፣ ለቅጠሉም ቅርቡ ጨለማው ነው።»

«ባሕር ዛፍ የለም?»

«ባሕር ዛፍ ቡሬ ከተማ ነው ያለ። ማን ተሸክሞ ይደርሳል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ አልዋሽዎትም እትየ። ግዝቱ አብቅቷል፣ ልጆቼም መሬት ይጠብቃሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ስንጠብቅ አንድ ቀን ቃላችንን አጠፍን?»

«አላጠፋችሁም።»

«እንግዲህ በሱ ዳስ እንጀምረው። ለሱም ክብር ነው። ያለ ዳስ ተዝካር ቢወጣለት ምን ይባላል?»

«ነውሩ የኔ ነው የሚሆን።»

«የርስዎም የኔም።»

ተዝካሩን የምታወጣው እሷ ስለሆነች ያለ እሷ ፈቃድ ለዳሱ አንድ ቅርንጫፍ አይቆረጥም። እሷ ይሁን ካለች ደግሞ የመጀመሪያው መጥረቢያ በገደፋው ስም ገባ ማለት ነው፤ ከዚያ የሚመለስ ነገር የለም። «እስከ አርባው ጊዜ አለ፣ ላስብበት» አለችው። ዳኘው ጉልበቷን ስሞ ተነሣ።

እውነቱን ለመናገር እማዋይሽ ራሷ ጨለማውን አትወደውም ነበር። ገደፋው በየሰንበቱ ከቅዳሴ መልስ እዚያ ገብቶ ጉሬዛዎቹን ሲቆጥር ይውላል፤ እሷ አንድ ቀን እግሯን አላስገባችም። ያ ሰው ነፍሱን ሲንከባከብ ማየትም ይመራት ነበር። ይኸም የመጣው ከዛሬ ስምንት ዓመት በፊት ነው።

ነሐሴ ነበር። እናቷ ከፈጣም ማዶ ሞተች። ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ጭቃና ግንድ ይዞ ይወርዳል። ወንድሞቿ መጥተው በዋናተኛና በገመድ ሊያሻግሯት ተዘጋጁ። ገደፋው ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እኔ አልሻገርም» አለ።

«ምነው?»

«ወንዙ ሞልቷል።»

«እኔ ሴቷ እሻገራለሁ፤ አንቱ አይሻገሩም?»

መሬት መሬት አየ። እሷ ገመዱን ወገቧ ላይ ታስራ ተሻገረች፤ ሁለት ጊዜ ውኃ ዋጠች። በቀብሩ ላይ የአማቹ ቦታ ባዶ ነበር። ወንድሞቿ ስለሱ አንድም ነገር አልተናገሩም፤ እሷን የጎዳት ያ ዝምታቸው ነው። ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ እንደ ድሮው ምግቡን አቀረበችለት፣ እግሩን አጠበችለት፣ ግራዋውን ጨመቀችለት። ዋንጫውን ስታቀብለው ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ትላለች፤ በልቧ ነው የምትለው፤ «ይኸ ሰው ለነፍሱ እንዴት ይሳሳል።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አባ ገብረሰንበት ጸሎት አድርሰው ሲመለሱ ወደ ቤቷ ጎራ አሉ። ያን ጊዜ ወጣት የነበሩት ቄስ አሁን ጢማቸው ሸብቷል። መስቀላቸውን አሳለሟትና ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«አባ፣ ግዝቱ በእውነት አብቅቷል?» አለች።

«አብቅቷል። እኔው ነኝ አፈር እስኪገባ ብዬ የገዘትሁ።»

«ሌላ መግዘት አይቻልም?»

«ርስተኞቹ አሜን ካላሉ የኔ ቃል ብቻውን ምን ይሠራል? ያኔም አሜን ብለው ነው።» ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ግን ጫካውን ትጠይው የለም? ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንጃ» አለች። የምሯን ነው፣ አታውቀውም ነበር።

አባ ገብረሰንበት መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እናትሽ የሞተች ጊዜ የሆነ ነገር አለ። በሕይወት ሳለ እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር። ንስሐ አይደለም፤ ንስሐ ቢሆን አፌን አልከፍትም። ወንዝ ዳር የተነገረ ነው።»

እማዋይሽ ቀና አለች።

«እናንተ ከተሻገራችሁ በኋላ ተከትሎሽ መጥቷል። ከወንዙ ወዲህ ለሌላ ሟች ፍትሐት ሄጄ ስመለስ አገኘሁት። ልብሱን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጦታል፤ እሱ እስከ ጉልበቱ ውኃው ውስጥ ቆሟል። ይገባል፣ ይወጣል፤ ደግሞ ይገባል። እስከ ሠርክ እንዲህ ሲል ዋለ። ግባ ወይ ውጣ አልሁት። 'አባ፣ ይኸ ውኃ ቢወስደኝ ነገ መጥረቢያ ይገባል፤ አሁን አሥራ ዘጠኝ ሆነዋል፣ ሁለቱ ገና ነጭ ናቸው' አለኝ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ እናትሽን በስሟ እየጠራ አለቀሰ። እዚያው ለብቻው ለቅሶ ተቀመጠላት።»

«ለኔ ለምን አልነገረኝም?»

«እኔም ጠይቄው ነበር። 'ጉሬዛዎቹን ከምትጠላ እኔን ትጥላኝ' አለ። 'እኔ ጥላቻዋን እችለዋለሁ፣ እነሱ ግን አይችሉትም።'»

እማዋይሽ መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው። «እናቴን በጉሬዛ ለወጣት» አለች።

«ለውጧታል» አሉ አባ ገብረሰንበት። አልተከራከሯትም፤ ሊያባብሏትም አልሞከሩም።

እስካሁን ያለቀሰችው እንደ ደንቡ ነበር፤ አልቃሽ ስታወጣ ተቀብላ፣ ሰው ሲገባ ድምፅ አሰምታ። እሳቸው ከወጡ በኋላ ያለቀሰችው ግን ደንብ አልነበረውም። ስለ እናቷ አለቀሰች፣ ስለ ስምንቱ ዓመት አለቀሰች፣ ወንዝ ዳር ልብሱን አጥፎ ስላስቀመጠው ሰው አለቀሰች። በልቧ ያለችው ነገር ሁሉ እሱ ዘንድ ይደርስ እንደነበር አሁን ገባት፤ ዋንጫውን ሲቀበላት ዓይኗን አያይም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጨለማው ገባች። ትልቁ ዝግባ ሥር ከመቀመጥ ብዛት የለሰለሰ ድንጋይ አገኘች፤ የማን እንደሆነ ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም። ተቀመጠችበት። ጉሬዛዎቹ ከላይ ረጅሙን ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቅጠል ይቀነጥሳሉ። መቁጠር ጀመረች። ሠላሳ ሁለት ሆኑላት፤ ደግማ ስትቆጥር ሠላሳ ስድስት፤ አንዱ ይዘልና ይበላሽባታል። ሦስት ጊዜ ጀምራ ተወችው። እሱ በመጨረሻው ሰንበት ቆጥሮ ሲመለስ «ሠላሳ አራት» ብሏት ነበር። ረቡዕ ሞተ።

ፀሐይ ከፍ ስትል አንዲት እናት ቅርንጫፍ ላይ ዞር አለች። ሆዷ ላይ እንደ ጥጥ የነጣ ግልገል ተለጥፏል። ገና የቀናት ዕድሜ ነው ያለው፤ ገደፋው አላየውም።

«ሠላሳ አምስት» አለች እማዋይሽ ጮክ ብላ። የሚሰማት ሰው አልነበረም።

ስትመለስ ዳኘውን አስጠራችው።

«ለዳሱ አንድ እንጨት አይቆረጥም» አለችው። «ተዝካሩ ትልቁ ዝግባ ሥር ይወጣል።»

«ሰው ጫካ ውስጥ ገብቶ ተዝካር በላ ይባል?»

«ይባል። ከዚያ የሚሰፋ ዳስ ትጥልልኛለህ?»

ዳኘው ወደ ጨለማው ዞሮ አየ። «ከተዝካሩ በኋላስ?» አለ።

«እሱን ያን ቀን በዘመዱ ፊት እንነጋገራለን።»

ተዝካሩ ከኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሆነ። ሰዉ መጀመሪያ እየተሽኮረመመ ገባ፤ የት እንደሚቀመጥ ግራ ገባው። ከዚያ ካህናቱ ከዝግባው ግንድ ሥር ቦታቸውን ያዙ፣ ሽማግሌው ሥሩን ተደገፈ፣ ሴቶቹ ማዶ ተደረደሩ፣ ቦታውም ሁሉን ያዘ። ጉሬዛዎቹ በጫጫታው ደንግጠው ሸሽተው ነበር፤ ወጡ ሲወጣ ግን አንድ በአንድ ተመለሱ። ከላይ የወደቀ ቅጠል አንድ ሽማግሌ ዋንጫ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው ቅጠሉን በጣታቸው አውጥተው «ገደፋው ነው የላከው» ብለው ጠላውን ጠጡ። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ሳቀ።

በልተው ሲያበቁ የዘመዱ ታላቅ የሆኑት አቶ ዘሩ እንደ ደንቡ ተነሡ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው።

«እማዋይሽ፣ እንግዲህ ይበቃሻል። ከሉን አውልቂ፣ ራስሽን ቅቤ ተቀቢ። ለሟች የሚደረገው ሁሉ ተደርጓል። ለአንቺ የምናደርገው ካለ ተናገሪ።»

እማዋይሽ ቆመች። «አለኝ» አለች። «ወንዝ ዳር ያለውን ማሳዬን የዳኘው ልጆች ይረሱት። ለኔ የጓሮው ይበቃኛል። ፍኖተ ሰላም ያለችው ልጄም ፈቅዳለች። በምትኩ ለሱ የሰጣችሁትን ቃል ለኔ ስጡኝ። እኔ አፈር እስክገባ ድረስ ጨለማው ይቆይ።»

አቶ ዘሩ በእጃቸው የያዙትን የዝንብ ጭራ ዝቅ አደረጉ።

«ያኔ እኮ የሚሞት መስሎን ነው» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«አንቺን ምን አመመሽ?»

«ምንም አላመመኝም።»

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ስድሳ አልሞላኝም።»

«እናቷ ስንት ዓመት ኖረች?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዘጠና» አለች ሀብትነሽ ከሴቶቹ መሐል፣ ሳይጠይቋት። ሳቁ ከዚህም ከዚያም ተነሣ።

ዳኘው አልሳቀም። ማሳው ለሁለቱ ልጆቹ ይበቃል፤ ለአራቱ ግን አይበቃም። ይኸን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ልጆቹን በእጁ ጠርቶ ወደ ዛፎቹ መሐል ይዟቸው ሄደ። ቆዩ። እማዋይሽ እንደቆመች ጠበቀች፤ ሀብትነሽ ልታስቀምጣት ብትይዛት እምቢ አለች። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«እትየ» አለ። «ያኔ አሜን ያልነው ሳናውቅ ነው። የዛሬው ይከብዳል፤ እያወቅን ነው የምንሰጥ።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «በኔና በልጆቼ በኩል ይሁን።»

ዳኘው ይሁን ካለ ሌላው ምን ይላል። አባ ገብረሰንበት ተነሥተው መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ፤ እማዋይሽ አፈር እስክትገባ ድረስ ብለው ገዘቱ። ሁሉም አሜን አለ። የአሜኑ ድምፅ ጉሬዛዎቹን ደግሞ አባረራቸው። ሴቶቹ በጭቃ የተነከረውን ነጠላ ከትከሻዋ አወረዱ፣ ነጭ አለበሷት፣ ማደግ የጀመረው ፀጉሯ ላይ ቅቤ አደረጉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እማዋይሽ ወደ ጓሮ ወጣች። ሀብትነሽ ከአጥሩ ማዶ እንስራዋን እያነሣች ነበር።

«ጋን ልታጥቢ ነው? ቆይ መጥቼ ላግዝሽ።»

«ጋኑ ይቆያል» አለች እማዋይሽ። ሰባት ቅጠል ለቀመች።

ቀጠቀጠችው፣ ጨመቀችው፣ አጠለለችው። ዋንጫውን ይዛ ወደ መደቡ ሄደችና በጎዶሎው ማዕዘን በኩል፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት ስትጨምቀው አንድ ቀን ቀምሳው አታውቅም። ዓይኗን ጨፍና ጨለጠችው። ምሬቱ ከምላሷ እስከ ጆሮዋ ሥር ደረሰ፤ ፊቷ ተጨማደደ፣ እንባዋ መጣ። ይኸን ያህል እንደሚመር አልነገራትም ነበር።

ከጨለማው የመጀመሪያው ጉሬዛ አጓራ።

«ዛሬም አለን» አለች፤ ዋንጫውንም እሱ ያደርግ እንደነበረው መደቡ ጫፍ ላይ ደፋችው።